«ጨምር» ሲባል የሚቀንስ ፋን

ዛሬ ሸዋሮቢት ላይ ፋን ሆኜ ዋልኩ።

ፋን ሸጬ አይደለም። ጠግኜም አይደለም። እኔው ራሴ፣ በሁለት እጄ፣ ፋን ሆኜ።

ቁጭ በሉና ከመጀመሪያው ላውራችሁ። የሚስቅ ይሳቅ፤ ሼር የሚያደርግ ግን ወላሂ ብሎክ ነው።

እትዬ ዘይነባን ለማታውቁ፦ ጫጩት አሳድገው የሚሸጡ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው እስከ ካራቆሬ ከተማ የሚሰማ ጎረቤቴ ናቸው። የቆላችን ሙቀት ደግሞ ጫጩት ላይ አይቀልድም። ክፍሉ ሲግል ክንፋቸውን ዘርግተው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ቶሎ አየር ካላገኙ ያልቃሉ። ነፋሱ ሲበዛባቸው ደግሞ አንድ ጥግ ተደራርበው ይተፋፈናሉ። ጣጣው ልኩን ማግኘት ነው።

ለዚህ ሲሉ ፍጥነቱ የሚስተካከል ፋን ገዝተዋል። ማስተካከያው የሚዞር ነበር፤ አቧራችን በላው።

«ሙሄ፣ አንተ የማትነካካው ነገር የለም። በጣት የሚጫኑት አርግልኝ፤ አንዱ የሚጨምር፣ አንዱ የሚቀንስ» አሉኝ።

እኔ ማን ነኝ? ድሮ ሽንኩርትና ማሾ የነገድኩ፣ አሁን ቻርጀርና ስፒከር የምሸጥ፣ ኤሌክትሮኒክስን ከዩቲዩብና ከተቃጠለ ሬዲዮ የተማርኩ ሰው። «እሺ» አልኩ። «እሺ» የምትባለዋን ቃል አፌ ጭንቅላቴን ሳያማክር ነው የሚላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተጫኑትን የሚቆጥረው ትንሹ ቺፕ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አለ እና የለም። ፋኑ ደግሞ የሚፈልገው ከዜሮ እስከ አሥር ቀስ እያለ የሚወጣ ቮልት ነው። በመሃል አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ዲጂታል ቱ አናሎግ ኮንቨርተር ይሉታል፣ ባጭሩ ዳክ።

(ስሙን ስነግራቸው «እኔ የማረባው ዶሮ ነው» አሉኝ።)

ዳኩን በሬዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክን ፍሰት በሚያንቁ ትንንሽ ዕቃዎች መሰላል ሠራሁት። አራት እግር አለው። የመጀመሪያዋ እግር ትንሽ ቮልት ትጨምራለች፣ ቀጣይዋ የእሷን እጥፍ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ የዚያችን እጥፍ። አራተኛዋ ግማሹን ሸክም ለብቻዋ ትይዛለች። ሬዚስተሮቹ ልክ ከሆኑ በተጫንክ ቁጥር ቮልቱ እኩል እኩል ይወጣል፣ አሥራ አምስት እርከን እንዳለው ደረጃ። ሊኒየር ማለት ይሄው ነው።

ደግሞም ትንሽ እንዲሆን ፈለግሁ። ክዳኑም ጀርባውም ውስጡን በሚያሳይ የሳሙና ዕቃ ውስጥ አጨቅኩት፤ መጫኛዎቹን ከጎን አወጣኋቸው። ኪስ ይገባል። ምን ልበላችሁ፣ ያምር ነበር።

ሬዚስተሮቹን አንድ በአንድ በቴስተር ለክቼ መረጥኩ። አንድ ጎደለኝ። ከአሮጌ ሬዲዮ የነቀልኩት ነበረኝ፤ ከሌሎቹ በደንብ ይበልጣል፣ ግን «ተቀራራቢ» ነው አልኩ። የነጋዴ ተቀራራቢ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ።

የቀረኝ የት እንደምደብቀው መወሰን ነው።

አመሌ የወጣው እዚህ ጋ ነው። ሽንኩርት በጆንያ ስትሸጥ ደህና ደህናውን አፉ ላይ ታደርጋለህ፣ የጠወለገውን ወደ ሆዱ። ሁሉም ያደርገዋል፣ ገዢውም ያውቃል። እጄ ሳላዘው ያንኑ አደረገ። የሚያብረቀርቁትን በክዳኑ በኩል ደረደረ፤ የሬዲዮውን ከኋላ፣ ከቺፑ ሥር ቀበረ።

ከኋላ ያለችው እግር የትኛዋ ናት?

አዎ። ግማሹን ሸክም የምትይዘዋ።

ከዚያ ፈተንኩት። ሳይጫኑት ለካሁ፤ ዜሮ። መጨረሻው ላይ ለካሁ፤ ትንሽ ጎደለ፣ የመጨረሻውን ቮልት የምታስተካክለዋን ትንሽ ብሎን ነካ አድርጌ አሥር አገባሁት። ጫፍና ጫፉ ልክ ከሆነ መሃሉ የት ይሄዳል?

መሃሉ ሄዷል።

ዛሬ ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ ወስጄ ገጠምኩላቸው። ባጃጅ ነጂው ሰይድ ከሱቄ ሊያደርሰኝ መጥቶ ሊያይ ቀረ። ጎረቤቶችም በሩ ላይ ቆሙ። ሰው ሲያየኝ ደግሞ አፌ ይከፈታል፤ «ከውጭ የሚመጣው እንኳ እንዲህ አይታመንም» እያልኩ ነው።

እትዬ ዘይነባ መጫን ጀመሩ። ፋኑ ሽው እያለ ወጣ። ሰባተኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ጫጩቶቹ አሁንም አፋቸውን እንደከፈቱ ነው። «አንድ ልጨምርላቸው» ብለው ስምንትን ተጫኑ።

ፋኑ ቀነሰ።

ተያየን።

«ሙሄ፣ የሚጨምረውን ነው የተጫንኩት።»

«እርግጠኛ ነዎት እትዬ?»

«ጣቴ አርጅቷል ነው የምትለኝ?»

ወደ ሰባት መለሱት፤ ፋኑ በረታ። ወደ ስምንት ወሰዱት፤ ደከመ። ሰይድ ከበሩ ላይ «የኔን ባጃጅ ይመስላል፤ ጉልበት ሲፈልጉበት ነው የሚለግመው» አለ።

እኔ በሆዴ ገብቶኛል። ሰባት ላይ ሦስቱ ትንንሽ እግሮች ተጋግዘው ነው የሚሠሩት። ስምንት ላይ ሦስቱም ያርፋሉ፣ ትልቋ ለብቻዋ ትረከባለች። የኔዋን ትልቅ የሬዲዮው ሬዚስተር አንቋታል። ሸክሙን ስትቀበል ተንበረከከች።

አዋቂ ሰው ቢሆን ወደ ሰባት መልሶ «ደህና ዋሉ» ይላል። እኔ ደንግጬ ዕቃውን ነጠቅኩና የሚጨምረውን እስከ መጨረሻው ጠቀጠቅኩት።

ወለሉ ላይ የተነጠፈው ሰጋቱራ ተነሳ። ጫጩቶቹ ጥግ ላይ ተከመሩ።

«ፈጀህብኝ!»

ላጠፋው ስጎትት ሽቦው ተበጥሶ እጄ ላይ ቀረ። ፋኑ ቆመ። ክፍሉ ወዲያው መጋል ጀመረ።

ሰይድን የብየዳ ዕቃዬን እንዲያመጣልኝ ወደ ሱቄ አበረርኩት። እትዬ ዘይነባ ካርቶን ቀደው ሰጡኝ።

«በል፣ እሱ እስኪመጣ ፋኑ አንተ ነህ።»

ጀመርኩ።

«ጨምር።» ጨመርኩ።

«በዛ፣ ቀንስ።» ቀነስኩ።

«አሁን ትንሽ ጨምር።» ትንሽ ጨመርኩ።

ያለ አንዲት ዝላይ። በሕይወቴ የሠራሁት ብቸኛው ሊኒየር ዕቃ እኔ ነኝ!

ላቤ እየወረደ ሳለ እትዬ ዘይነባ የሳሙና ዕቃውን አንስተው ፊቱን አዩ፣ ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

«ፊት ለፊት ያሉት ሲያምሩ። ይሄ ከኋላ የተወሸቀው ጥቁር ምንድን ነው?»

ማራገቤን ቀጠልኩ።

«ሙሄ፣ አንተን እኮ ነው።»

«እሱ... ተቀራራቢ ነው።»

«አይ ልጄ። ያኔ የሸጥክልኝን የሽንኩርት ጆንያ በሳሙና ዕቃ አመጣህልኝ?»

በሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ጫጩቶቹም የሳቁ መሰለኝ።

ሰይድ ዕቃዬን አመጣ። ካርቶኑን ለእሱ አስረክቤ የሬዲዮውን ነቀልኩ። የሚያናድደውን ልንገራችሁ? የሚፈለገው ልክ ግማሽ የሆነ ሬዚስተር ሱቄ ውስጥ ሞልቷል። ሁለቱን ብቀጥላቸው ልኩ ይመጣ ነበር። መጀመሪያውኑ አውቀዋለሁ። የተቀጣጠለ ነገር ከቺፑ ሥር አይደበቅም፣ በክዳኑ ሲታይም አያምርም ብዬ ነው የተውኩት።

ቀጠልኳቸው። ሽቦውንም በየድኩ። አሁን ደረጃውን በሙሉ አንድ በአንድ ለካሁ። እትዬ ዘይነባ ስምንትን ተጫኑ።

ፋኑ ጨመረ። ጫጩቶቹ ቀስ በቀስ አፋቸውን ዘጉ፤ አንድም አልሞተ፣ አልሐምዱሊላህ።

ግድግዳው ላይ ልሰቅለው መዶሻ ሳነሳ እጄን ያዙኝ።

«ገልብጠህ ስቀለው። ጀርባው ወደኔ ይሁን።»

እንዳሉት አደረግሁ። ያ ሁሉ ያማረው ሥራዬ ወደ ግድግዳ ዞሮ፣ የተቀጣጠሉት ሁለቱ ብቻ ለገባ ለወጣው እየታዩ ነው።

ቀኝ ክንዴ አልነሳ ብሎኝ ይህን በግራ እጄ ነው የምጽፈው። እትዬ ዘይነባ ነገ ቻርጀር ሊገዙ ሱቄ እንደሚመጡ ነግረውኛል። እስቲ ፍረዱኝ፦ መስኮቱ ላይ የደረደርኩትን ዕቃ በሙሉ ከአሁኑ ጀርባውን ላዙረው፣ ወይስ ሱቁን ዘግቼ አጣዬ ልሂድ?