ለዓይን ምርመራ አጥንተው የሄዱት ልብስ ሰፊ

በየሰፈሩ ዓይኑ ከቶ የማይደክም፣ ዓለም ግን ዓመት ከዓመት የምትደበዝዝበት አንድ ሰው አይጠፋም። ለክቡር ልብስ ሰፊያችን ጋዜጣው ፊደሉን ያሳነሰው ወረቀት ሊቆጥብ ነው፤ አምፖሉ ሰንፏል፤ መርፌ ሠሪዎችም ቀዳዳ መብሳት ከተዉ ቆይተዋል። «የድሮ መርፌ እኮ መስኮት ነበረው!» ይላሉ፣ ክሩን ለአራተኛ ጊዜ በምራቃቸው እያሾሉ።

ልጃቸው ለሰርጓ ሁለት ወር ሲቀራት ቁርጡን ነገረቻቸው፤ «ዓይንህን ካልተመረመርክ፣ የሙሽራ ቀሚሴን ሌላ ሰው ይሰፋዋል።»

አርባ ዓመት የሰው ሙሽራ ሲያለብሱ ኖረው የገዛ ልጃቸው በባዕድ ስፌት ልትዳር! ሄዱ፤ ለመመርመር ሳይሆን ለማለፍ። ተራ ሲጠብቁም፣ ከፊታቸው የገባው ታካሚ የዓይን መመርመሪያው ሰሌዳ ምልክቶች ወዴት እንደዞሩ ሲናገር በበሩ ስንጥቅ እየሰሙ ሸመደዱ።

ሐኪሟ አገጫቸውን ብረት ላይ አሳርፋ ዓይናቸውን በመብራት በረበረች። ከዚያ ግራ ዓይናቸውን አስሸፍና ዘንጓን አነሣች።

«ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ታች፣ ቀኝ!» አሉ በአንድ ትንፋሽ።

«አባባ፣ ገና አላመለከትኩም እኮ።»

«ጊዜሽን ልቆጥብልሽ ብዬ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«ቅድም የወጡት ሰውዬም ይህንኑ ነው ያሉት። እሳቸውም አልታያቸውም።»

ከሰነፍ የኮረጀ ተማሪ የሚያፍረውን ያህል አፈሩ። ሐኪሟ ባዶ የመነጽር ክፈፍ አፍንጫቸው ላይ አስቀምጣ መስታወት ታቀያይር ጀመር። «ይሄ ይሻላል፣ ያኛው?»

«ሁለቱም ያው ናቸው። ዓይኔ ደኅና ነው አልኩሽ…»

በተቀየረው መስታወት ውስጥ ዓይናቸው ወደ በሩ ሄደ። ተከትላቸው የመጣችው ልጃቸው እዚያ ቆማለች። የሸሚዟ ኮሌታ አንዱ ክንፉ ከሌላው ረዝሟል፤ የኪሷ ስፌት እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል።

«ማነው እንዲህ የተጫወተብሽ?»

ልጅቷ ጫማዋን አየች። «አንተ ነህ፣ አባዬ።»

«ይሄን ለብሰሽ ሥራ ትሄጃለሽ?»

«በየሳምንቱ።»

«ሰው ምን ይልሻል?»

«ማን ሰፋልሽ ይሉኛል። አባቴ እላለሁ።»

ክቡርነታቸው ክፈፉን አፍንጫቸው ላይ አደላደሉ። ወደ ሐኪሟ ዞረው፣ «ልጄ፣ ይህ መነጽር ቶሎ ይድረስልኝ። ይቺ ልጅ ስሜን በየመሥሪያ ቤቱ ስታጠፋ ከርማለች» አሉ።

ልጅቷን ግን ዓይን ዓይኗን ማየት አልቻሉም። «አንቺም» አሏት፣ መሬት መሬቱን እያዩ፣ «ነገ ጠዋት እንዳትጠፊ። ለቀሚሱ ልክሽን እወስዳለሁ።»