ሽማግሌ አቁሞ ሞጁል መንቀል

[ጆሃንስበርግ፣ ጀፕ። ከመሬት በታች ያለ የብርድ ልብስ መሸጫ። እሑድ ስለሆነ ሱቁ ዝግ ነው። ለጋብቻ የምትጠየቀው ልጅ አባት ዳኛቸው ሙሉ ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ ወንበር ላይ ቆሟል፤ ጭንቅላቱ ግድግዳው ላይ ያለው የኢንተርኔት ሳጥን ውስጥ ገብቷል። አማቱ እማማ የአለምወርቅ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጠዋል። የላፕቶፑ ስክሪን ከተሰበረ ቆይቷል፤ ከሐዋሳ ጋር የተያዘው የቪዲዮ ጥሪ ምስሉም ድምፁም የሚመጣው በትልቁ ቴሌቪዥን ነው። ቴሌቪዥኑ ግን አሁን ጨልሟል።]

እማማ፦ ...እና ደንበኛው ጦይባ ናት አሉ እግሩን አይታ «ይሄ ልጅስ ሚስት ያስፈልገዋል» ያለችው። ግራው ጫማ ቡኒ፣ ቀኙ ጥቁር! ምን ቢላት ጥሩ ነው? «መብራት ጠፍቶ ሳለ ለበስኩት፣ መብራት ሲመጣ ደግሞ ደንበኛ ሞላ።» እንዲህ ነው እንግዲህ ኢዮኤል።

ዳኛቸው፦ እማማ፣ አሁን የኢዮኤልን ጫማ ነው የምናወራው? እሱ የላካቸው ሽማግሌዎች ሐዋሳ ላይ ቆመው ቀርተው!

እማማ፦ ማን አቆማቸው? «ልጃችሁን ለልጃችን» ሲሉህ «ተቀመጡ» ማለት አቅቶህ ነው እንጂ።

ዳኛቸው፦ ወጉ ነዋ! ሽማግሌ መልሱን ሳይሰማ አይቀመጥም። የሴት ልጅ አባት ደግሞ በመጀመሪያ ቀን እሺ አይልም። ትንሽ ያንገራግራል።

እማማ፦ እና አንገራገርክ።

ዳኛቸው፦ አሳምሬ ነዋ! «ልጃችን ሀሌሉያ ገና ናት፣ ለመዳር አላሰብንም» ብዬ፣ «ግን» ልል ስል... ድርግም!

እማማ፦ «ግን»ዋ ሳትሰማ።

ዳኛቸው፦ ሳትሰማ።

እማማ፦ ሃይቦ! ስለዚህ እነሱ ዘንድ ነገሩ ምንድነው? ሰውየው «አልሰጥም» አለና ጆሯቸው ላይ ዘጋባቸው።

ዳኛቸው፦ ይሄን አይበሉኝ እማማ፣ ላብ ላብ ይለኛል።

እማማ፦ ልጅቷ ሮዘተንቪል ቤት ቁጭ ብላ ጥፍሯን እየበላች ነው። ይሄን ብትሰማ አንተን ነው የምትበላው። በስልክህ አትደውልላቸውም?

ዳኛቸው፦ ከመሬት በታች ምን ኔትወርክ አለ!

እማማ፦ ውጣና ደውላ።

ዳኛቸው፦ ጀፕ ላይ? በእሑድ፣ ሰው በሌለበት፣ በሱፍ፣ ስልክ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ? ሽማግሌዎቹን የሚያነጋግራቸው ስልኬን ነጥቆ የሚሮጠው ሰውዬ ነው የሚሆነው።

እማማ፦ እሱ ቶሎ እሺ ይላቸው ነበር።

ዳኛቸው፦ አሁን ይተዉኝ፣ ችግሩን አግኝቼዋለሁ።

እማማ፦ ቴሌቪዥኑ ራሱ ጠፍቶ እንዳይሆን?

ዳኛቸው፦ [እየሳቀ] ቴሌቪዥን እኮ ሲግናል ሲያጣ ይተኛል እማማ። ስማርት የሚባለው ለምን መሰለዎት?

እማማ፦ ኧረ እኔ ምን አውቄ። [ነጠላቸውን አስተካክለው ላፕቶፑ ፊት ደህና አድርገው ይቀመጣሉ] ሱሩርን ብንጠራውስ? ኢንተርኔቱን እኮ እሱ ነው የዘረጋው።

ዳኛቸው፦ ሱሩርን ለምን? ዩቱብ አይቼ የለ! ይኸውልዎት፣ ይሄ ከመንገድ የሚመጣው ገመድ ፋይበር ይባላል። ውስጡ ፀጉር የሚያክል መስታወት ነው። የሚሄድበት ኤሌክትሪክ እንዳይመስልዎት፤ ብርሃን ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ይቺ ጣት የምታክል ብረት ደግሞ ሞጁል ትባላለች። ብርሃኑን ተቀብላ ወደ ወሬ የምትቀይር እሷ ናት።

እማማ፦ እንደ እኔ በላ።

ዳኛቸው፦ እሷ ናት የደነዘዘችው። ነቅዬ፣ እፍ ብዬባት፣ መልሼ ስሰካት ትነቃለች።

እማማ፦ እፍ?

ዳኛቸው፦ እፍ! ሪሞት እንቢ ሲል ምን እናደርጋለን? እፍ። ካርድ ማሽኑ እንቢ ሲልስ? እፍ። እፍ ተብሎ ያልነቃ ዕቃ አላየሁም።

እማማ፦ ዩቱቡ ነው እፍ በላት ያለህ?

ዳኛቸው፦ እፏ እንኳን የራሴ ናት።

[ይጎትታል። አትወጣም። አንድ እግሩን ግድግዳው ላይ አድርጎ ይጎትታል። ወንበሩ ይንቋቋል።]

እማማ፦ ቀስ! ግድግዳውን ይዘኸው እንዳትመጣ።

ዳኛቸው፦ ሎክ አላት። እዚህ ፊቷ ላይ ቀጭን የሽቦ እጀታ አለ፤ የባልዲ ማንጠልጠያ ይበሉት። ወደ ላይ ሲሆን ይቆልፋል። ወደ ታች ሲታጠፍ ውስጥ የነከሰችውን ትለቅና ሸርተት ብላ ትወጣለች።

እማማ፦ ወደ ታች እጠፈዋ።

ዳኛቸው፦ እያጠፍኩት እኮ ነው! ገመዱ ፊት ለፊቱ ተሰክቶ መንገድ ዘጋበት። ቆይ፣ ገመዱ ነው መጀመሪያ መውጣት ያለበት...

እማማ፦ [ብድግ ብለው] ገመዱን እንዳትነካ!

ዳኛቸው፦ በስመአብ! ምን ሆኑ?

እማማ፦ ብርሃን ነው ያልከኝ አንተ አይደለህ? ስትነቅለው ዓይንህ ውስጥ ቢገባስ? በሠርጉ ቀን ሙሽሪትን በዳበሳ ልትሰጥ ነው?

ዳኛቸው፦ [ትንሽ አስቦ] እሱማ... ልነግርዎት ነበር። በጣም አደገኛ ነው። ያልተማረ ሰው ቶሎ ገመዱን ነው የሚነቅለው።

እማማ፦ አየህ፣ አንተ ግን ታውቃለህ።

ዳኛቸው፦ ስለዚህ ገመዱ ሳይነካ፣ እጀታው ሳይታጠፍ፣ ሞጁሏን ብቻ አባብሎ ማውጣት ነው።

እማማ፦ አባብላት፣ ጎሽ። [ቁጭ ይላሉ። ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው] እኔ የምልህ ዳኙ፣ መስመሩ ባይቋረጥ ምን ልትላቸው ነበር?

ዳኛቸው፦ ለሌላ ቀን ልቀጥራቸው።

እማማ፦ ሲመጡስ?

ዳኛቸው፦ ለሌላ ቀን።

እማማ፦ እሰይ፣ ደግ አደረግህ። ልጁን እኔም ብዙ አልወደድኩት። ዛንድስፕሩት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዳቦና የስልክ ካርድ ሲሸጥ የሚውል ስፓዛ ነጋዴ! ሀሌሉያን የምታህል ልጅ?

ዳኛቸው፦ [ጭንቅላቱን ከሳጥኑ ያወጣል] እንዴ! እማማ! ኢዮኤልን ነው?

እማማ፦ ኢዮኤልን ነዋ።

ዳኛቸው፦ ምነው እንደሱ ያለ ልጅ የት ይገኛል? ባለፈው ብርድ ወገቤን ይዞኝ ስተኛ ማነው ከዛንድስፕሩት በታክሲ እየተጋፋ መጥቶ ይሄን ሱቅ የከፈተልኝ? ብርድ ልብሱን በየቀለሙ ደርድሮት! እስካሁን ደንበኞቼ ማማዎቹ ሲመጡ እኔን ሰላም አይሉኝም፣ «ያ ጨዋ ልጅ የታለ?» ነው የሚሉኝ።

እማማ፦ አሃ። [ላፕቶፑን ቀስ አድርገው ወደ ዳኛቸው ያዞሩታል] ግን ዝምተኛ ነው፣ ወሬ የለው።

ዳኛቸው፦ እርስዎ ባሉበት ቤት ማን ተራ ሰጥቶት!

እማማ፦ አፍህ! እሷስ ትወደዋለች ብለህ ነው?

ዳኛቸው፦ እኔ ሳናግራት ስልኳን ነው የምታየው። እሱ ሲያናግራት ስልኳን ታስቀምጣለች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? እውነቱን ልንገርዎት እማማ? ዛሬ ቢወስዷት ዛሬ እሺ እላለሁ። ይሄ ሱፍ ምን ይመስልዎታል?

እማማ፦ ሱፍ ነዋ።

ዳኛቸው፦ የሠርጉ ነው! ሽማግሌ ሳይልኩ ነው ያሰፋሁት!

እማማ፦ ወይ ጉድ! ታዲያ ሰውን አቁመህ የምታንገራግረው ለምንድነው?

ዳኛቸው፦ ቶሎ እሺ ካልኩማ «እስኪወስዱለት ቸኩሎ ነበር» ይሉኛል። በተለይ ያ ዋናው ሽማግሌ፣ ሠረቀብርሃን። ጢሙን አይተውልኛል? ቁርጥ ፍየል። እሱ ከያዘው ሐዋሳን ሙሉ ነው የሚያዳርሰው።

እማማ፦ አልሰማሁህም፣ ምን ነው ያልከው?

ዳኛቸው፦ [ጮክ ብሎ] ፍየል!

እማማ፦ አሁን ሰማሁ።

[ዳኛቸው እንደገና ይጎትታል። ሞጁሏ ንቅንቅ አላለችም።]

ዳኛቸው፦ በቃ! ዓይኔም ይጥፋ፣ ገመዱን ልነቅለው ነው። ልጄ ባል ታጣ እንዴ!

እማማ፦ ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ አንድ ጊዜ። ስልኬን ቻርጅ ሳደርግ ነበር፣ መጀመሪያ ያቺን ሶኬት ልመልስልህ።

[ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ይላሉ። ቴሌቪዥኑ ይበራል። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው፤ አንዱ በጋቢው አፉን አፍኗል፣ አንዱ ሆዱን ይዟል። ጢማሙ ሽማግሌ ግን ኮስተር ብሎ ይመለከታል።]

ሠረቀብርሃን፦ [ከቴሌቪዥኑ] ጤና ይስጥልኝ አቶ ዳኛቸው። ፍየሉ ነኝ። መልሱን ሰምተናል፣ ካላስቸገርንዎ አሁን እንቀመጥ?

[ዳኛቸው ከወንበሩ ሊወድቅ ሲል ሳጥኑ ላይ ይንጠለጠላል።]

ዳኛቸው፦ ከ... ከየት ጀምሮ ነው የሰማችሁት?

ሠረቀብርሃን፦ ከልጃችን ጫማ ጀምሮ። እማማ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም በሉ አሉን፣ ታዘዝን።

ዳኛቸው፦ እማማ! ፋይበሩስ?

እማማ፦ ፋይበሩ ምን አደረገህ? ስልኬ ባትሪ ጨርሶ የቴሌቪዥኑን ሶኬት ብነቅለው ነው እንጂ።

ዳኛቸው፦ [ወርዶ ስልካቸውን ያነሳል] ይሄ ስልክ እኮ የተሰካበት ገመድ እንኳን የለም! ደግሞም ሙሉ ነው!

እማማ፦ ሞላልኛ።

ዳኛቸው፦ እንደሚሰሙን ያውቁ ነበር ማለት ነው!

እማማ፦ ያቺ ላፕቶፑ ላይ ያለች አረንጓዴ መብራት እስከበራች ድረስ ሰው ይሰማል። መዝጋት የሚረሳው ሰው ብዛቱ! ስንቱን ቤት እንዳወቅኩበት ብነግርህ... ደግሞ ያቺን ሞጁል አመስግናት። ሎኳ ባይጠብቅ ኖሮ ነቅለሃት እውነትም ሽማግሌ ጆሮ ላይ ዘግተህ ነበር።

ዳኛቸው፦ [ክራባቱን ያስተካክላል] እ... የተከበራችሁ ሽማግሌዎች። እንግዲህ ወግ ወግ ነውና፣ ለሌላ ቀን ቀጠሮ...

ሠረቀብርሃን፦ ተቀምጠናል አቶ ዳኛቸው።

ዳኛቸው፦ ተቀመጣችሁ?

ሠረቀብርሃን፦ አንዱማ ጫማውንም አውልቋል።

ዳኛቸው፦ ይሁን እሺ፣ ይሁን። ልጁ ግን እድለኛ መሆኑን ይወቅ። እኔ የልጅቷን እናት ፀገነትን ስጠይቅ ሽማግሌ ልኬ «ተመለሱ» ተባልኩ። ምን አልኩ? ምንም! ወንድ ልጅ ፊቱን ሳያጠቁር ነው የሚጠብቀው።

እማማ፦ [ወንበራቸውን ወደ ላፕቶፑ እየጎተቱ] ሰማችሁት?

ዳኛቸው፦ እማማ፣ ያ አይነሳም።

እማማ፦ ዲላ ነበርን ያኔ። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ቆመዋል። ባለቤቴ «በሌላ ጊዜ ተመለሱ» ከማለቱ ከአጥር ውጭ አንድ ሰው እዬዬ!

ዳኛቸው፦ እማማ፣ በፀገነት ሞት!

እማማ፦ ባለቤቴ ጎረቤት ሰው የሞተ መስሎት ጋቢውን አዘቅዝቆ ሮጦ ወጣ። ይሄ ሰውዬ አጥራችን ሥር ተወሽቆ ሲሰማ ኖሮ፣ ጉልበቱን አቅፎ ይነፋረቃል። ባለቤቴ ገና አያውቀውም፤ «ማን ሞተብህ ልጄ?» አለው።

ሠረቀብርሃን፦ ምን አለ?

[ዳኛቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ሶኬት ይሮጣል። እማማ ሶኬቱን ረግጠውታል።]

እማማ፦ አፈረና «አጎቴ» አለ። ባለቤቴ አብሮት አለቀሰ። ከዛ እጁን ይዞ እያባበለ ወደ ቤት አስገባው። አጎትየው ሳሎናችን መሃል፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር፣ ቆሟል።