ሰሚ ያጣ ስለት

በየሰፈሩ አንዲት ባለስለት አትጠፋም። የለችም የሚል ሰፈር ካለ ወይ ገና እየተገነባ ነው፣ ወይ ነዋሪዎቹ ይዋሻሉ። ሌላው ሰው ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል፤ ባለስለቷ በቀጥታ ከሰማይ ጋር ትዋዋላለች።

በዚህ ረገድ ልብስ ሰፊው ዕድለኛ ነው፤ ወይም ተፈርዶበታል። የሰፈሩ ባለስለት የሚኖሩት ከሱቁ በላይ ባለው ፎቅ ነው። ስማቸው ሌላ ቢሆንም ሰፈርተኛው በሙሉ ማዕረግ «ክብርት ወይዘሮ ተስያለሁ» ይላቸዋል፤ ከአፋቸው ቀድሞ የሚወጣው ይኸው ቃል ነውና።

«ውሃው ከመጣ ወር ሙሉ ስኳር አልቀምስም ብዬ ተስያለሁ» ይላሉ። ውሃው ይመጣል፤ ውሃ መቼም ውሎ አድሮ መምጣቱ አይቀርም። ክብርት ወይዘሮም መራራ ሻያቸውን ፊታቸው እስኪኮማተር ይጠጣሉ። አንድ ቀን ደግሞ ዝናቡ ሳይመታቸው አውቶቡስ ቢደርስላቸው፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ለሚሳፈር ሰው መቀመጫቸውን ሊለቁ ተሳሉ። ቀጥሎ የተሳፈረው በር የሚያክል የቀን ሠራተኛ ሆነ።

«ተቀመጥ፣ ልጄ።»

«ኧረ እናቴ፣ ነውር ነው። እርስዎ ይቀመጡ።»

«ተቀመጥ አልኩህ፤ ባንተ ይሉኝታ እኔ ከፈጣሪዬ ልጣላ?»

ጎረምሳው አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። አሮጊት አስነስቶ የተቀመጠ የመሰለው ተሳፋሪ ሁሉ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ በዓይኑ ሲገርፈው ሄደ።

ለከባድ ጉዳይ ግን ስለታቸው መጋረጃ ነው። የልጃቸው ፈተና፣ የእህታቸው ቀዶ ሕክምና፣ የጎረቤት ድመት መጥፋት፣ ሁሉም ለጸሎት ቤቱ መጋረጃ ሆኗል፤ የሚሰፋውም ልብስ ሰፊው ነው። መስኮቶቹ ተሸፍነው ካለቁ ቆይተዋል፤ አሁን መጋረጃ የሚሰቀለው ባዶ ግድግዳ ላይ ነው። ሰባኪው አንድ ቀን ሱቁ ድረስ መጥቶ «እባክህ ጨርቅ ጠፋ በላቸው፤ የማነብበት ብርሃን እንኳ ይተዉልኝ» ብሎ ለምኖታል።

አናጢው ባለቤታቸው በሕይወት ሳለ ነገሩ ልክ ነበረው። አናጢው ብዙ አይናገርም፤ ከኦሪት ሕግ ግን አንዷን አጥብቆ ያውቃት ነበር። ሚስት ብትሳል ባል በሰማበት ቀን ስለቷን ማፍረስ ይችላል፤ ሰምቶ ዝም ካለ ግን ስለቱ ጸንቷል። ስለዚህ ማታ ማታ ራት ላይ ችሎት ይቀመጣል። ክብርት ወይዘሮ የቀኑን ስለት በተራ ያቀርባሉ፤ አናጢው እያኘከ ያዳምጣል። ስኳሩ ላይ ዝም፤ ጸና ማለት ነው። በባዶ እግር መሄድ ሲመጣ ግን ማንኪያውን ያስቀምጥና «ሰምቻለሁ። ይፍረስ» ይላል።

ልብስ ሰፊው ሚስቱ ከሞተችበት ጀምሮ ብዙውን ራት የሚበላው እነሱ ዘንድ ስለነበር ችሎቱን ያውቀዋል። እንዲያውም አንድ ጊዜ ጉዳዩ የራሱ ነበር፤ የያዘው ሳል ከለቀቀው ጢሙን እንደሚላጭ ሳያማክሩት ተስለውበት ተገኙ። አናጢው «በሰው ጢም አይሳሉም። ይፍረስ» ባይል ኖሮ ያ ወፍራም ጢም ዛሬ አይኖርም። ልብስ ሰፊው ይህን ውለታ አልረሳም።

አናጢው ሞተ። ክብርት ወይዘሮ ግን መሳላቸውን አልተዉም፤ ጭራሽ ባሰባቸው። ባል የሞተባት ሴት ቃል በራሷ ላይ ይጸናል፤ የሚያፈርስላት የለም። ልጃቸው «እማዬ፣ በቃ እኔ አፍርሼልሻለሁ» ብትላቸው፣ «ማን ዳኛ አደረገሽ? እኔ ነኝ አንቺን የወለድኩሽ» ብለው አባረሯት። ይህችው ልጅ ምጥ ላይ ሳለች ደግሞ በሰላም ከተገላገለች፣ ሕፃኑ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ ራታቸውን ቆመው ሊበሉ ተሳሉ። ሕፃኑ በሰላም ተወለደ፤ ካስቀመጡት ቦታ እንደ ድንች ጆንያ የማይነቃነቅ ወፍራም ሰነፍም ወጣው።

ልብስ ሰፊው ማታ ማታ ከሱቁ ጣሪያ በላይ ወለሉ ሲንቋቋ ይሰማል። አንድ እግር ሲደክም በሌላው እየተኩ መሆናቸው ይገባዋል፤ ሆዱም ይባባል።

ችሎት ያጣ ሰው መንገድ አያጣምና ክብርት ወይዘሮ ጨርቅ እያመካኙ ማታ ማታ ወደ ሱቁ መውረድ ጀመሩ። እሱ ስፒሎቹን በከንፈሩ ይዞ ይሰማል፤ እሳቸው ይዘረዝራሉ። አንድ ምሽት «የእህቴ ጉልበት ከተሻላት፣ ብርዱ እስኪያልፍ ያለ ካፖርት ልወጣ ተስያለሁ» አሉት። ልብስ ሰፊው ስፒሎቹን ከአፉ አወጣ።

«ሰምቻለሁ። ይፍረስ» አለ።

ከየት እንደመጣበት እሱም አያውቅ። ክብርት ወይዘሮ ፊታቸው ተለዋወጠ። «በምን ሥልጣን?» አሉና ጨርቃቸውን ሰብስበው ወጡ። ከዚያ ምሽት ጀምሮ አልወረዱም። የእህታቸው ጉልበት ወዲያው ተሻላት፤ እሳቸውም ያለ ካፖርት እየተንቀጠቀጡ በሱቁ በር ያልፋሉ። ሰላምታ እንኳ የለም።

ልብስ ሰፊው ሥራ አስጠላው። እጅጌ አገለባብጦ ሰፋ፤ ደንበኛ ተቆጣው። በመጨረሻ ሰባኪው ዘንድ ሄዶ ሕጉን ጠየቀ።

«ባሏ ከሞተ በኋላ የተሳለችውን ማንም አያፈርስላትም» አለ ሰባኪው። «ብታገባ ግን ከዚያ ወዲያ የምትሳለውን ባሏ ይሰማል።» ጨለማውን ግድግዳ ቀና ብሎ አየና «ለመጋረጃውም ቢሆን ደግ ነበር» ብሎ ጨመረ።

አንድ ስጋት ቀረ። በሰው ጢም የተሳለች ሴት በሚሞት ባሏ አልጋ አጠገብ ምን ያልተሳለችው ይኖራል? «ሌላ ወንድ አላገባም» ብለው ከሆነ ነገሩ ያኔውኑ አልቆለታል። እንዲህ እያሰበ ከወፍራም ሱፍ የትከሻ ልብስ ሰፋና ደረጃውን ወጣ። ክብርት ወይዘሮ ሳህናቸውን ይዘው ቆመዋል።

«እትዬ፣ ይሄ ካፖርት አይደለም። እጅጌም ቁልፍም የለውም።»

አገላብጠው አዩት። «አይደለም» አሉና ደረቡት።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የቆየው ስለት የእርስዎ ነው፤ አልነካውም። ከእንግዲህ የሚመጣውን ግን ማታ ማታ እኔ ልስማልዎት?» ጉሮሮውን ጠረገ። «ሌላ ወንድ ላያገቡ ተስለው ከሆነ ግን እንዳልጠየቅሁ ይቁጠሩት።»

«ተስዬ ነበር» አሉ።

ልብስ ሰፊው ወደ በሩ ዞረ።

«ቁም እንጂ፣ አልጨረስኩም። አልጋው አጠገብ ነው የተሳልኩት፣ እየሰማኝ። ድምፁ ከተዘጋ ሰንብቶ ነበር። ዓይኑን ገለጠና ‹ሰምቻለሁ። ይፍረስ› አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልተናገረም።» በሱፉ ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እስከ ዛሬ ድረስ ተቀይሜዋለሁ። አንተ ደግሞ ያንኑ ቃል ስትለው የሱ ድምፅ መሰለኝ፤ ለዚያ ነው የሸሸሁት። እና… አንቺ በለኝ እስቲ፤ ባል ሚስቱን አንቱ አይልም።»

ጋብቻው በጸሎት ቤቱ ተፈጸመ። ጨለማው ከመክፋቱ የተነሳ ሰባኪው ቡራኬውን በቃሉ ነው ያደረሰው። ማታ እንግዶቹ ተሸኙ። ልጃቸው ዕቃ እያጠበች ነው፤ ሰነፉ ሕፃን ምንጣፉ ላይ ተጎልቷል። ክብርት ወይዘሮ ሳህናቸውን አንስተው እንደ ልማዳቸው ቆሙ። ልብስ ሰፊው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ አጠገባቸው ቆመ።

«አንተ ተቀመጥ። ስለቱ የኔ ነው።»

«ስለቱስ ያንቺ ነው፤ ራቱ ግን የሁለታችን ነው።»

ጥቂት ከጎረሱ በኋላ ክብርት ወይዘሮ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ስማኝ። ሳስበው ሰው አስቸግሬአለሁ፤ አንተንም ጭምር። ከዛሬ ጀምሮ ሁለተኛ ስለት አልሳልም ብዬ ተስያለሁ።»

ልብስ ሰፊው ማኘኩን ቀነስ አደረገ። ዝም ቢል ይጸናል። ሰባኪው ብርሃኑን ያገኛል፣ ሰፈሩ ያርፋል፣ ጢሙም ለዘለዓለም ከአደጋ ይድናል። ከዚያ ግን እሳቸው ሳይወርዱ የቀሩባቸው ምሽቶች ትዝ አሉት፤ የስፌት መኪናው እንኳ ያስጠላው የነበረባቸው ምሽቶች።

«ሰምቻለሁ» አለ። «ይፍረስ።»

ክብርት ወይዘሮ እፎይ አሉ፤ ፊታቸውም ፈካ። ምንጣፉ ላይ የተጎለተውን የልጅ ልጃቸውን አዩና ወደ ባላቸው ዞሩ።

«እንግዲያው ይሄ ሕፃን በቅርቡ በእግሩ ከሄደ ጢምህን ትላጫለህ ብዬ ተስያለሁ።»

ልብስ ሰፊው ጢሙን ዳበስ አደረገው። ከዚያም ማንኪያውን አንስቶ ዝም ብሎ መብላቱን ቀጠለ።