የጠላቂው ዋስ

«እምቢ» የምትለዋን ቃል አጥርቶ ለመናገር ስንተኛ ክፍል መድረስ እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፤ በማታው ትምህርትም አንዳንድ ነገር ጨምሬበታለሁ፤ እስካሁን ግን አልሆነልኝም። ሰው ፊቴ ቆሞ አንድ ነገር ሲጠይቀኝ ሆዴ «ተው» ይላል፣ አፌ «ምን ችግር አለ» ይላል፣ እጄ ደግሞ ሁለቱ እስኪስማሙ ሳይጠብቅ ይፈርማል። በዚህ ዓይነት የስድስት ወንዶች ልጆች የክርስትና አባት፣ የሁለት ዕድር ጸሐፊ፣ እንዲሁም መልኳን አይቼ ለማላውቃት ልጅ የጋብቻ ሽማግሌ ሆኛለሁ። ይሉኝታ ይሉታል። ሐኪም ቤት ስለማይታይ እንጂ የሕመም ፈቃድ የሚያሰጥ ነገር ነው።

ከጥያቄዎች ሁሉ የከፋው ግን «ዋስ ሁነኝ» የሚለው ነው። በዚያ በደርግ ዘመን ደግሞ ከዋስም ዋስ አለው። ከአገር የሚወጣ ሰው መውጫ ቪዛ ሲጠይቅ እንደሚመለስ የሚያረጋግጥለት ዋስ ያቀርባል። የሄደው ከተመለሰ እሰየው። ካልተመለሰ ዋሱ ይጠየቃል። በዚያ ዘመን የኖራችሁ «ይጠየቃል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያልኖራችሁ ደግሞ ጥያቄው በወረቀት የሚመጣ እንዳይመስላችሁ።

እኔ ያን ጊዜ አራዳ ውስጥ በአንድ የተወረሰ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ። ተካልኝ ደግሞ ፊደል ለቃሚ ነው፤ ከእርሳስ የተሠሩትን ፊደሎች አንድ በአንድ እየለቀመ እሱ ይደረድራል፣ የሳተውን እኔ አርማለሁ። አንድ ቀን ከወደ ኩባ ግብዣ መጣ። የዚያ አገር የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ወንድማዊ ሰላምታቸውን አቅርበው፣ አንድ ኮከብ ሠራተኛችን ለአንድ ሳምንት ሞቃት ደሴታቸው ላይ እንዲያርፍና ባሕር ጠለቃ እንዲማር ይጋብዛሉ። ባሕር ጠለቃ ማለት እንደ ቡታጋዝ ያለ የአየር ሲሊንደር ጀርባ ላይ ታዝሎ፣ ቱቦ አፍ ውስጥ ተከትቶ፣ ዓሣ ቤት ድረስ ሄዶ ዓሣን መጠየቅ መሆኑን ካድሬያችን ጓድ በላቸው በስብሰባ አስረዳን። አዳራሹ ውስጥ የማይጓጓ አልነበረም። ከዚያ «ተጋባዡ ዋና የሚችል መሆን ይኖርበታል» የምትለው መስመር ተነበበችና የሁላችንም ቅስም ተሰበረ።

እስቲ አስቡት። አራዳ ተወልዶ አራዳ ያደገ ሰው የት ዋኝቶ ያውቃል? በእሪ በከንቱ ስር የሚያልፈው ወንዝ በክረምት ሰው ይወስዳል፣ በበጋ ቁርጭምጭሚት አያርስም። ብዙዎቻችን ከነራሳችን ውኃ ውስጥ የገባነው በአርባ ቀናችን ብቻ ነው፤ እሱንም በቄስ እጅ ተይዘን፣ እየጮኽን። ጓድ በላቸው ራሱ ሊሄድ ፈልጎ እንደነበር ፊቱ ይናገራል፤ ነገር ግን መስጠምና አብዮታዊ ግዴታን ሲያመዛዝን አብዮቱ ቀለለበት። ያኔ ነው ተካልኝ እጁን ያወጣው። ዋና እችላለሁ አለ። የት ተማርክ ሲባል ዝዋይ፣ አክስቴ ዘንድ አለ። የተካልኝ አክስት አፍንጮ በር እንደምትኖር አዳራሹ ውስጥ ካሉት ግማሾቹ ያውቃሉ፤ ማንም ግን አልተነፈሰም። ዓይን ያወጣ ውሸት ደፋር ሰው ሲናገረው ያስከብራል።

ቀጥሎ ያለውን ገምታችሁታል። ፒያሳ፣ ከሥራ ወጥተን የምንሰበሰብባት ኬክ ቤት፣ ባንኮኒው ላይ ማኪያቶዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ተካልኝ ገባና ቅጹን አጠገቤ ዘረጋው። ብቻዬን አግኝቶ ቢጠይቀኝ ኖሮ አንድ ዘዴ አላጣም ነበር፤ ሚስቴን ሰበብ አደርጋለሁ፣ መታወቂያዬ ጠፍቷል እላለሁ። እሱ ግን አራዳ ነው። አራት የሥራ ባልደረቦቻችን ዙሪያዬን ቆመው እያዩ «ዘሪሁን ወንድሜ፣ ካንተ ሌላ ማን አለኝ?» አለኝ። አራቱም ቀና ብለው አዩኝ። ሆዴ «ተው» አለ። ማኪያቶዬ ሳይቀዘቅዝ ዋስ ሆኜ ተገኘሁ።

በእውነቱ እስከ መሄጃው ቀን ድረስ ብዙም አልተጨነቅሁም። ተካልኝ ውሸታም ይሁን እንጂ ክፉ አይደለም። ጉዱ የፈላው ቅዳሜ ጠዋት ልንሸኘው እሪ በከንቱ ቤቱ ደጃፍ ስንቆም ነው። ሻንጣውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ወጣ፤ በሌላው እጁ ላይ ከሰልባጅ የገዛው ያ ወፍራም ጥቁር የሱፍ ካፖርት ተጣጥፏል። ክረምት ገብቶ በረዶ ሲጥል እንኳ ለብሶት አይቼው አላውቅም። ስሞን፣ ታክሲ ውስጥ ገባ፣ ሄደ። ጎረቤቱ እማማ ድንቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ የሚሄድበት አገር ሙቀት ነው አላላችሁም?» አሉኝ።

ክው አልኩ። አውሮፕላኑ ሲሄድም ሲመለስም አንድ ቀዝቃዛ የአውሮፓ ከተማ እንደሚያርፍ ሁላችንም እናውቃለን። ለሞቃት ደሴት ካፖርት የሚይዝ ሰው የት ሊወርድ አስቧል? እማማ ድንቄ መልሱን አልተናገሩም። አላስፈለገም። እኔ ፒያሳ ከመድረሴ በፊት ካፖርቱ ቀድሞኝ ደርሷል። ኬክ ቤቱ ውስጥ ስለ ካፖርቱ ውፍረት፣ ስለ ኪሶቹ ብዛት፣ ገበሩ ውስጥ ተሰፍቶ ስለነበረው ነገር ጭምር የሚያወሩ ሰዎች አገኘሁ። ካፖርቱን አይተውት የማያውቁ ናቸው።

ያን ሳምንት እንዴት ልንገራችሁ? ተካልኝ እዚያ ባሕር ይጠልቃል፣ እኔ እዚህ በደረቅ መሬት እሰጥማለሁ። ጓድ በላቸው በየጠዋቱ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ «ጓድህ ደህና ነው?» ይለኛል። ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል አይጨምርም። ፈገግታውን ባየሁ ቁጥር የማርመው ጽሑፍ ይደበዝዝብኛል፤ በዚያ ሳምንት ከእጄ የወጣ አንድ የእርሻ መጽሔት ውስጥ ገበሬዎቹ በሬ በመጥመድ ፈንታ በር እንደጠመዱ ቆይቼ አየሁ። ኬክ ቤት ስገባ ደግሞ ሰላምታው ይረዝማል፣ ወንበሩ ይሸሻል። ያን ዕለት ስፈርም ቆመው ያዩኝ አራቱ ባልደረቦቼ፣ አንዱ ጥርሱን አሞታል፣ አንዱ እንግዳ መጥቶበታል፣ ሁለቱ ዝም ብለው ጠፍተዋል። ፈርቼ ነበር። እያሳቅሁ የምነግራችሁ ስላለፈ ነው እንጂ፣ በዚያን ጊዜ የመኪና በር ሲዘጋ በሰማሁ ቁጥር መብራት አጥፍቼ በመጋረጃው ጥግ አይ ነበር።

ለሚስቴ ለአስናቀች አልነገርኳትም ነበር። ረቡዕ ዕለት ከጎረቤት ሰማች። ትጮኽብኛለች ብዬ ስጠብቅ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ከሳጥን ውስጥ ወፍራሙን ብርድ ልብስ አወጣችና ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ምን እያደረገች እንደሆነ ጠየቅኋት።

«የእስር ቤቱ ወለል ሲሚንቶ ነው አሉ» አለች።



የመመለሻው ቅዳሜ መጣ፤ ተካልኝ አልመጣም። እሑድም አልመጣም። እሑድ ከሰዓት እማማ ድንቄን ጨምሮ ሰፈርተኛው ቤቴ ተሰበሰበ። ሰው የሞተ ይመስል አግዳሚው ላይ ተደርድረው ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ተቀመጡ። ተካልኝን «ከሃዲ» ያላለው አልነበረም፤ ጓደኛውን አሳልፎ የሸጠ፣ እህል ውኃ የማያውቅ፣ የእናት ጡት ነካሽ ተባለ። ሲወጡ አንዱ «እግዜር ያጽናህ» ብሎኝ ሄደ። ያልሞተ ሰው ለራሱ ሲለቀስለት ተቀምጦ መስማት እንዴት እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ።

ሰኞ ጠዋት ጓድ በላቸው አልፈገገም። ነጭ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ለአድኃሪ ኮብላይ እንዴት ዋስ ልሆን እንደቻልኩ ግለሂስ እንድጽፍ አዘዘኝ። ምን ብዬ ልጻፍ? ሰዎች ስላዩኝ ነው የፈረምኩት ብል የትኛው ጓድ ያምነኛል? «እኔ ስሜ ከታች የተገለጸው» ብዬ ጀመርኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ከማሽኖቹ አዳራሽ ጫጫታ ተሰማ። ቀና ስል ተካልኝ በሩ ላይ ቆሟል። ፀሐይ ፊቱን አክስሎት የአፍንጫው ቆዳ ተልጧል። ካፖርቱን እንደያዘ ነው። ተነሥቼ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፤ ላንቀው ይሁን ልስመው ግን ለራሴም አልለየልኝም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲመለሱ አውሮፕላኑ በዚያች ቀዝቃዛ ከተማ ተበላሸና መንገደኞቹ ሁሉ ሁለት ቀን አንድ ሆቴል ውስጥ ቆዩ። ጠባቂ የለ፣ ጠያቂ የለ፣ የሆቴሉ በር ለመንገዱ ክፍት ነው። ካፖርቱንስ ምን ሊያደርግበት ይዞት ሄደ አትሉም? ከባሕሩ ስር ይበርዳል ሲሉ ሰምቶ ነው። እስከ መጨረሻው ቁልፍ ቆልፎ ለብሶት ሊጠልቅ። አሠልጣኞቹ ከሲሊንደሩ ስር ካፖርት ሲያዩ ለፎቶግራፍ ተሰልፈው መጡ። ዋናውስ? ምንም አላስቸገረው። «ዋና የሚያስፈልገው ላለመስጠም ነው፤ እነሱ የጋበዙኝ እንድሰጥም ነው» አለ። ወገቡ ላይ እርሳስ አሰሩለት፣ አንዱ ክንዱን ያዘው፣ ወረደ። ዕድሜ ልኩን የለቀመው እርሳስ በመጨረሻ ውለታ ዋለለት።

አሁን ነው እንግዲህ ያገሬን ሰው የታዘብኩት። እሑድ ዕለት አግዳሚዬ ላይ ተቀምጠው ከሃዲ ያሉት ሰዎች ማክሰኞ ዕለት ያንኑ ሰው ምን አሉት መሰላችሁ? ፋራ! በሩ ክፍት፣ ጠባቂ የለ፣ ካፖርት በእጁ፣ እንዴት ይመለሳል? የወጣ ሰው ይመለሳል እንዴ? እማማ ድንቄ ሳይቀሩ «ምስኪን፣ ልጅነት ነው» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። አንድ ስንኳ «ይኼ ዘሪሁንስ ምን ይሆን ነበር?» ያለ የለም። ሐሙስ ዕለት ጓድ በላቸው ሰው አለመኖሩን ግራ ቀኝ አይቶ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ፤ ያቺን የጀመርኳትን ግለሂስ ቀደዳትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በእውነት ግን፣ ምን ነካው?» አለኝ።

እኔም ይህንኑ ማወቅ ፈለግሁ። እውነቱን ልናገርና «ላንተ ብዬ ነው» እንዲለኝም ፈልጌ ነበር። ባንኮኒው ጋ ብቻችንን ስንሆን ጠየቅሁት። ተካልኝ ያለልማዱ አሰበ።

«ልዋሽህ?» አለኝ።

አትዋሸኝ አልኩት፤ ወዲያው ጸጸተኝ።

«ሁለተኛው ቀን ላይ ካፖርቱን ለብሼ እስከ መንገዱ ወጣሁ። እውነቴን ነው። ግን ያየሁት ነገር ሁሉ እዚህ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል። ከባሕሩ ስር አፍህ ውስጥ ቱቦ ነው ያለው። ቢጫ ዓሣ ታያለህ፣ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ፍጥረት ታያለህ፣ ዝም። ስትወጣ ደግሞ ቋንቋቸውን አትችልም። ያን ሁሉ ጉድ አይቼ እዚያ ብቀር ለማን ነው የማወራው?»

እንግዲህ ሥራዬ፣ ነፍሴ፣ የአስናቀች ብርድ ልብስ፣ ሁሉም የተንጠለጠሉት በአንድ የዓሣ ወሬ ላይ ነበር። ልቆጣ ሞከርኩ። ግን ያን ጊዜ እሱ ቢጫውን ዓሣ ጀምሮት ስለነበር አላቋረጥኩትም። ከዚያ በኋላማ ወሬው መቼ አለቀ! መጀመሪያ አሥር ሜትር የጠለቀው ሰውዬ ለፋሲካ ሠላሳ ደረሰ፤ ክረምት ሲገባ ብርሃን የማይደርስበት ቦታ ነበር። ባልደረቦቻችን ገና «ባሕሩ» ሲል ሰዓታቸውን እያዩ ይበተናሉ። እኔ ግን «ከዚያስ?» እላለሁ።

በዓመቱ ኩባዎቹ፣ ያን ባለካፖርት ጓድ ለሁለተኛ ደረጃ ሥልጠና መልሱልን ብለው ጻፉ። ተካልኝ ቅጹን ይዞ ባንኮኒው ጋ መጣ። ሰው ሁሉ የእኔን እጅ ያያል፤ አስናቀች ብትሰማ ምን እንደምታወጣና ምን እንደምታሰጣ አውቃለሁ። ብዕሩን ተቀበልኩትና ስሜን አጥርቼ ጻፍኩ።

«አንድ ነገር ብቻ» አልኩት። «ስትመለስ ከመጀመሪያው ጀምረህ፣ አንድም ሳታስቀር ትነግረኛለህ።»

በሰባተኛው ቀን፣ ሻንጣውን እንኳ ቤቱ ሳያደርስ፣ ከአውሮፕላን ጣቢያ በቀጥታ ባንኮኒው ጋ መጣ።