ላሟ ከተሜ፣ ጌታዋ ገጠሬ

ደስ ይበላችሁ! ከትናንት ጀምሮ የቡታጅራ ከተማ ልጅ ነኝ፤ ያውም ከቤቴ ሳልወጣ! ለሕዝብ ቆጠራ ካርታ የምታዘጋጅ ልጅ መጥታ ከተማውን ከገጠሩ የሚለየውን ድንበር ስታሰምር፣ ቤታችን ወደ ከተማው ገባልን።

ግን ከተሜ ለመባል የሚሟሟት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጎረቤት አለኝ፤ ጋሽ ሸምሱ ይባላሉ። ልጅቷ "ድንበር በዓይን የሚታይ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር መሆን አለበት" ስትል፣ ከቤታቸው ጀርባ የተደረደረውን እንሰት አሳዩዋት።

"ይኸው ልጄ! ከተማው የሚያልቀው እዚህ ነው።"

ልታሰምር ስትል ሚስታቸው እትዬ ዘይነባ ከጓሮ ብቅ አሉ።

"የቱ? ይሄ እንሰት? ዝናቡ ሲመጣ ነቅዬ ታች ልተክለው አይደል እንዴ!"

እንሰት እያደገ ሲሄድ እየተነቀለ ሌላ ቦታ እንደሚተከል ጋሽ ሸምሱ ጠፍቷቸው ነው? ከተሜነት አስረስቷቸው እንጂ!

በመጨረሻ ድንበሩ በሰፈራችን መሃል የሚያልፈው መንገድ ሆነ። የጋሽ ሸምሱ ቤት ገጠር ቀረ፤ ከመንገዱ ማዶ፣ ከእኛ አጥር የተጠጋው የላማቸው በረት ግን ከተማ ገባ።

"ወላሂ! ላሜ ከተሜ፣ እኔ ገጠሬ?"

"ምን ከፋህ?" አሉ እትዬ ዘይነባ። "ከተማ ዘመድ አገኘህ!"

ታዲያ ጋሽ ሸምሱ እጅ የሚሰጡ መሰላችሁ? "ሰው የሚቆጠረው በሚያድርበት ነው" ብለው ዛሬ ጠዋት አልጋቸውን ተሸክመው ወደ በረቱ ተሻገሩ። እሑድ የቤት ምርቃት አለ ብለው ሰፈሩን ጠርተዋል። እናንተም ኑ! ስትገቡ ግን መጀመሪያ ላሟን ሰላም በሏት፤ ነባሯ ከተሜ እሷ ናት።