ፀጉሬ ስንት ዲግሪ ይችላል?

የዘንድሮ ፒያስትራ ቁጥር እንደሚያወጣ አይታችኋል? የፀጉር መተኮሻውን ማለቴ ነው። ድሮ አንዲት ቀይ መብራት ብቻ ነበረችው። በራች ማለት ጋለ፤ ጠፋች ማለት ደግሞ መብራት ሄደ ማለት ነው። የአሁኑ ግን እንደ ሊፍት እየቆጠረ ይወጣል። መቶ ሃምሳ። መቶ ሰማንያ። ሁለት መቶ። ሁለት መቶ ሠላሳ ሲደርስ ጢጥ ብሎ ይቆማል። ዝግጁ ነኝ ማለቱ ነው። እኔ ግን ዝግጁ አልነበርኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባለቤቴ የጌታሁን ሙት ዓመት ዋዜማ ነበር፣ ቅዳሜ ከሰዓት። እሱ ሲያርፍ እንደ እናቶቻችን ፀጉሬን ከሥሩ ተቆርጬ ነበር። በዓመቱ ጣት የሚያህል በቀለ። ጥጥ የመሰለ ሽበት፣ ጥቅልል ጥቅልል ያለ። ልጄ ሰላም አዲሱን ፒያስትራ ይዛ መጣች። በማግስቱ ጥቁር አወልቃለሁ፣ ዘመድ ሁሉ ያየኛል፤ ተተኩሼ እንደ ድሮዬ እንድመስል ነው ሐሳቧ። ሽበት ደግሞ ሙቀት ሲበዛበት ቢጫ ይሆናል። ነጭ ሸሚዝ ላይ ካውያ ሲረሳ አይታችሁ የለ? ልክ እንደዚያ። ሸሚዝስ ሌላ ይገዛል። ይኼን ፀጉር ግን ያበቀልኩት በሐዘን ዓመቴ ነው። ቢያርብኝ በምን እተካዋለሁ? ስንት ዲግሪ እንደሚችል የሚያውቅልኝ ሰው ደግሞ ሞቷል።

ቀልዴን አይደለም። ጌታሁን የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበር። ጡረታ ሲወጣ የሚለካው ነገር አጣና ወደ እኔ ጭንቅላት ዞረ። አንድ ቀን የድሮው ፒያስትራዬ ካርቶን ላይ ሁለት መቶ ዲግሪ ተብሎ የተጻፈውን አንብቦ ወጥ ቤት ድረስ መጣ። ዳቦ በስንት ዲግሪ እንደምጋግር ጠየቀኝ። በመቶ ሰማንያ አልኩት።

"ታዲያ ራስሽን ከዳቦ አስበልጠሽ የምታበስይው ምን በድሎሽ ነው?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ላቦራቶሪ ሆነ። ከማበጠሪያዬ ላይ የተነቀለውን ፀጉር እየለቀመ ያስቀምጣል። ጠዋት ጠዋት መነጽሩን አድርጎ መስኮቱ ስር ይቀመጥና አንዱን ደረቅ፣ አንዱን እርጥብ እያደረገ ይተኩሳል። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በመስኮቱ አየችው። የሚስቱን ፀጉር ቆንጥሮ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ጭስ እያየ ሲቆጥር ያገኙት ወንድ ምን ይባላል? እሷም አልዘገየችም። ወደ ጓሮ ጎትታ ወሰደችኝና ባልሽ ድግምት እየሠራብሽ ነው፣ ቶሎ ጠበል ግቢ አለችኝ። ሰውየው እኮ ሰከንድ ነበር የሚቆጥረው።

ጌታሁን የደረሰበትን ውጤት ልንገራችሁ፤ ለእናንተም ይጠቅማል። እርጥብ ፀጉር ላይ ፒያስትራ ሲያርፍ ጭስስ ይል የለ? እኛ ሥራውን እየሠራ ይመስለናል። እሱ እንዳለው ፀጉሩ ውስጥ የቀረው ውኃ ነው የሚፈላው፤ እየፈላ ፀጉሩን ከውስጥ ይተረትረዋል። ስለዚህ ድምፅ ከሰማሽ አቁሚ ይለኝ ነበር። እሺ፣ ግን እርጥቡን የምንተኩሰው ወደን ነው? መብራት ሳይሄድ ለመጨረስ እንጂ። አንድ ጊዜ ግማሽ ራሴ ተተኩሶ ግማሹ ሳይተኮስ መብራቱ ጠፋብኝና እንደዚያው ሆኜ ሰርግ ሄጃለሁ። የተጋበዘው ሰው ሁሉ በአንድ በኩል ብቻ ነው ያናገረኝ።

ደግሞ አንድ ዘለላ ላይ ሦስት አራቴ መመላለስ የለም ይል ነበር። በስሱ ከፍሎ፣ ሳይቆሙ አንዴ ወደ ታች። ሙቀቱን ለመፈተን ነጭ ወረቀት በፒያስትራው ይነክሳል። ወረቀቱ ከጠቆረ ፀጉርም አይተርፍም። ከመተኮሱ በፊት የሚቀባ የሙቀት መከላከያ ቅባት አለ፤ እሱን ቀብቶ እስኪደርቅ መታገስ ነው። እኔ ግን ትዕግሥት የለኝም። በመጨረሻ አላምንሽም ብሎ መተኮሱን ራሱ ያዘው። እሑድ እሑድ ይተኩሰኛል፣ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ቁስቋም ማርያም እሄዳለሁ። ማንም የማያየውን ነገር ለምን እንደሚለፋበት ጠይቄው፣ እኔ አየዋለሁ አለኝ።

እትዬ ዘነበችም ነገሩ ድግምት አለመሆኑን ከተረዳች ወዲህ መከላከያ የሚለውን ነገር ይዛው ሄደች። ግን ሱቅ ያለውን ምን ያደርግልኛል ብላ ለጋ ቅቤ ተቀባች። ቅቤው ላይ ፒያስትራውን አሳረፈችው። ያውም በሁዳዴ። ቅቤው ተቁላላ። ሽታው ግቢውን ሞላው። ጾመኛው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ወጣ፤ እገሊት ገደፈች ተባለ። አንድ አዛውንት ድስቷን ከፍተው እስኪያዩ ድረስ አላመኑም። ሽሮ ነው ያገኙት። ፀጉሯ ግን ከግንባሯ በላይ ያለው አርሮ ተንጨባርሮ ቀረ፤ እስከ ፋሲካ በሻሽ ተሸፍና ከረመች።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ሰላም ፒያስትራውን ሁለት መቶ ሠላሳ ላይ አድርጋ ከኋላዬ ቆመች። አውርጂ አልኳት። ሽበት እልከኛ ነው፣ ካልጋለ አይታዘዝም አለች። አባትሽ ቢሰማሽ አልኳት። መቶ ስድሳ አደረገችው። ዊንጌት ካለ ሱቅ የገዛችውን መከላከያ ቀባችኝ። እስኪደርቅ ጠበቅን። መጀመሪያ ከማጅራቴ አንድ ዘለላ ወሰደች። ድምፅ የለም። ጭስ የለም። ዘለላዋን ለነገ ካዘጋጀሁት ነጭ ነጠላዬ ጋር በሁለት መስታወት አስተያየኋት። ነጭ ናት። ቀጥ ብላለች። ተመስገን አልኩ።

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ዞረች። ፒያስትራውን ከማስጠጋቷ በፊት በሁለት ጣቷ ጆሮዬን ወደ ታች እጥፍ አድርጋ ያዘችው፣ ከዚያም እፍ አለችበት።

አባቷ ልክ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። እጥፍ፣ እፍ። እኔ አላስተማርኳትም። እሱም ሲያስተምራት አላየሁም። ለካ በር ላይ ቆማ ስታየን ነው ያደገችው።

እንባዬ ወረደ። በመስታወት አየችኝና ፒያስትራውን አራቀችው።

"እማዬ፣ አቃጠልኩሽ?"

"ትንሽ" አልኳት። ምን ልበላት?

ወደ መቶ ሃያ አወረደችው። እንደገና ጆሮዬን አጠፈች፣ እንደገና እፍ አለች። እኔም እንደገና አለቀስኩ። ወደ መቶ አወረደችው፤ ከዚያ በታች ቁጥር አልነበረውም። በመቶ ዲግሪ የእኔ ሽበት አይተኮስም፤ በመዳፍ እንደማሻሸት ነው። ይኼን እኔ አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች መሰለኝ። ግን አላቆመችም፤ እኔም አላስቆምኳትም። ጭንቅላቴን ሁሉ አዳረሰችው። የጆሮዬን በኩልማ ደጋገመችው።

በማግስቱ ጥቁሬን አወለቅኩ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት ሰው ሲሞላ እትዬ ዘነበች አጠገቤ መጥታ ነጠላዬን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። ፀጉሬ እንደ በቀለው ነው፤ ከማጅራቴ አንዲት ዘለላ በስተቀር ሁሉም ጥቅልል እንዳለ። ዞራ ዞራ መረመረችኝ።

"አስካልዬ፣ እንዲህ አሳምሮ የሚጠቀልለው ምንድን ነው? አትደብቂኝ እንጂ።"

"ፒያስትራ ነው" አልኳት።

"በስንት ዲግሪ?"

"በመቶ። ግን ራስሽ እንዳትይዢው፤ የሚተኩስሽ ሰው ፈልጊ።"