የባዶው አግዳሚ ወንበር ተሳላሚ

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት መንገደኛ አለ። አንዱ ያላየውን ለማየት ይወጣል፤ ሌላው አስቀድሞ ያየውን ለማየት። የሚብሰው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ሲደክመው ይመለሳል፤ ሁለተኛውን ግን የሚመልሰው ነገር የለም።

የጦር መርከብ በሚቆምበት ከተማ የኖረ ሰው ሁሉ ይህን ሁለተኛውን ያውቀዋል። ሁልጊዜ ብቻውን ነው። በመጀመሪያው ባቡር መጥቶ በዚያው ቀን ይመለሳል። ጀርባው ላይ ቦርሳ፣ አንገቱ ላይ ካሜራ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ደግሞ ከፕላስቲክ የተቆረጠች፣ መዳፍ የምታህል ልጅ አለች። ልጅቷ የካርቱን ፊልም ሰው ናት፤ የመርከበኛ ኮፍያ አድርጋለች። ሰውየው የሚመጣው እሷ ፊልሙ ላይ የታየችበት ሥፍራ ቆሞ ያንኑ ሥዕል ልክ እንደ ፊልሙ አድርጎ በካሜራው ለማንሣት ነው። ልክ ስል ልክ ማለቴ ነው። የመብራት ምሰሶው በአንድ ጣት ወደ ግራ ከሸሸ ቀኑ ተበላሽቷል። ደመና ካለ ተበላሽቷል። ሰው ካለማ ከነጭራሹ አብቅቶለታል።

ሰው ማለት እኛ ነን፤ እዚያ የምንኖረው።

ቤታችን ዮኮሱካ በምትባል የወደብ ከተማ፣ ኮረብታ ላይ ነው። መኪና አይደርስም፤ መቶ ሰማንያ ሰባት ደረጃ በእግር ይወጣል። ደጃፋችን ላይ ባለቤቴ ቶኩጂ ከመርከብ ግንባታው ሥራ ጡረታ ሲወጣ ከወዳደቀ ሳንቃ የሠራው አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ተቀምጠው ወደ ታች ሲያዩ ወደቡ፣ ግራጫዎቹ መርከቦችና ጀርባቸውን ብቻ ከውኃ ያወጡት ሰርጓጆች ይታያሉ። ከስምንት ዓመት በፊት አንዲት ወጣት ሴት መጥታ ወንበሩን ስትሥል ዋለች። ሻይ ሰጠናት። በዓመቱ ወንበራችን ፊልም ውስጥ ገብቶ አገኘነው። በፊልሙ መጨረሻ ሚሳኦ የምትባለው ልጅ፣ ባሕር ኃይል የገባ ወንድሟን ስትጠብቅ ከኖረችበት ወንበር ተነሥታ ትሄዳለች። የት እንደሄደች አይነገርም። ወንበሩ ባዶውን ይቀራል፤ ላዩ ላይ አንድ መንደሪን ብቻ አለ። እዚያ ላይ ሰው ሁሉ ያለቅሳል አሉ። እኔ የታየኝ ወንበሩ ቀለም እንደሚያስፈልገው ነው።

ከዚያ በኋላ ተሳላሚዎቹ መምጣት ጀመሩ። ብዙዎቹ አንዴ መጥተው ቀሩ። አንዱ ግን በየወሩ ሦስተኛ እሑድ ከመምጣት አልቀረም፤ ክቡር ተሳላሚ፣ የሦስተኛው እሑድ ባለሥልጣን፣ የኪስ ሚሳኦ ጠባቂ፣ አቶ ሂራይዋ።

ዕድሜው አርባን አልፏል። ጊዮዳ በምትባል ከተማ፣ አውራ ጣት ለብቻው የሚገባበትን የባህል ካልሲ በሚሰፋ ፋብሪካ ውስጥ ስፌት መርማሪ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ግራው ከቀኙ እኩል መሆኑን ያያል። እንዲህ ያለ ሰው እሑድም ዓይኑ አያርፍም። ደረጃውን ጮክ ብሎ እየቆጠረ ይወጣል። መቶ ሰማንያ ሰባት ሲል ደጃችን ላይ ነው፤ አንድ ቀን መቶ ሰማንያ ስድስት ሆኖበት ተመልሶ ወርዶ እንደገና ቆጥሯል።

እንደ እሱ ስሌት፣ በፊልሙ ውስጥ የወንበሩ ጥላ ሦስተኛው ደረጃ ላይ የሚያርፈው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ችግሩ፣ በዚያችው ሰዓት ፀሐይዋ የምታርፈው የቶኩጂ ጉልበት ላይም ነበር። ቶኩጂ ጉልበቱን ሊያሞቅ ይቀመጣል። እስከ እኩለ ቀን አይነሣም።

መጀመሪያ የመጣ ቀን ካሜራውን ይዞ ደረጃው ላይ ቆመ።

"ፎቶ ልታነሣ ነው?" አለው ቶኩጂ።

"ግድ የለም አባባ፣ እጠብቃለሁ።"

"ምኑን ነው የምትጠብቀው?"

"ምንም። ግድ የለም።"

ቶኩጂ እንግዳው አፍሮ ነው ብሎ አሰበ። ኮሌታውን አስተካከለ፣ ፀጉሩን በመዳፉ ወደ ኋላ መለሰ፣ ከዚያ እንደ አድሚራል ወደ ባሕሩ ማየት ጀመረ። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ አንገቱን አላዞረም። ያኛው ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ቆሞ እስኪነሣ ጠበቀው። እኔ ሁለቱንም ከመስኮት አየኋቸው። በአገራችን ሽማግሌን ከገዛ ወንበሩ ተነሣ የሚል አፍ አልተፈጠረም።

እንግዳው ሲሄድ ለቶኩጂ ነገርኩት። "አንተን አይደለም እኮ፣ ወንበሩን ነው የፈለገው።"

"ወንበሩን የሠራው ማን ሆነና?" አለኝ።

በተከታዩ ወር ክቡር ተሳላሚው መንደሪን ይዞ መጣ። ፊልሙ ላይ እንዳለው መሆኑ ነው። ቶኩጂ ከተቀመጠበት በሌላው ጫፍ በጥንቃቄ አስቀመጠውና የኪስ ሚሳኦን ሊያወጣ ዘወር አለ። ሲመለስ መንደሪኑ ተልጧል። ቶኩጂ እየበላ ነበር።

"አቤት፣ ምን አስቸገረህ?" አለው። "ቁርስ በልተሃል?"

የጥፋቱ ሁሉ መነሻ ይህ ነው። ስጦታ የተቀበለ ሰው መመለስ አለበት፤ ይህ እኛ ዘንድ ከሕግ ይጠብቃል። ቶኩጂ ገባና አንድ ከረጢት የደረቀ ትንንሽ ዓሣ አምጥቶ ሰጠው። ሂራይዋ ዓሣውን ሲቀበል ፊቱ ገረጣ፤ እሱም መመለስ እንዳለበት ገብቶታል። በሦስተኛው ወር ከአገሩ በአኩሪ አተር ዱቄት የተለወሰ ጣፋጭ በሣጥን አመጣ። ቶኩጂ ለሣጥኑ የፕለም ኮምጣጤ መለሰ። ለኮምጣጤው ካልሲ መጣ። ለካልሲው እኔ የሹራብ ኮፍያ ሠራሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዳችን የሌላችንን ውለታ ከፍለን ሳንጨርስ ቀረን። ያም ሆኖ ሂራይዋ መንደሪኑን ከማስቀመጥ አልታቀበም። በሐምሌ መንደሪን ከየት እንደሚያመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቶኩጂም ከመብላት አልታቀበም።

ቀኑ እንዲህ ከተበላሸበት በኋላ ክቡርነታቸው ቦርሳቸውን አንግበው ወደሚቀጥለው ሥፍራ ይወርዳሉ። ወደቡን የሚያዞረው ጀልባ አለ፤ ሚሳኦ የተደገፈችው የጀልባው ግራ ብረት ላይ ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ቤተሰብ ቀድሞ ይይዘዋል። ዋሻው አለ፤ ብስክሌት ያልፍበታል። ምሳውን ደረጃው ሥር ካለው የጎረቤታችን የፉሚዬ ምግብ ቤት ይበላል። የፉሚዬ ቤት ካሪ፣ ሩዝ ላይ የሚፈስ ቅመም የበዛበት ወጥ፣ እንደ ከተማችን ልማድ ከወተት ብርጭቆ ጋር ይቀርባል። ሂራይዋ የፕላስቲኳን ልጅ ከሳህኑ ፊት አቁሞ ወተቱን ወደ ቀኝ፣ ማንኪያውን ወደ ግራ ሲያደርግ ካሪው ይቀዘቅዛል።

"ለስንት ሰው ላድርግ?" ትለዋለች ፉሚዬ ሁልጊዜ።

"ለአንድ ሰው፣ እትዬ።"

"እሷስ?"

"እሷ አትበላም።"

"ወገቧ እንዲህ የቀጠነው ለዚህ ነው። አንተ ግን ብላ፣ ካሪው ሬሳ ሆነ እኮ።"

አንድ ቀን ፉሚዬን ምን ትይዋለሽ ይህን ሰው አልኳት። "ካልሲ ነው" አለችኝ፣ "አንድ እግሩ የጠፋ።" ዓመት በዓመት ለእረፍቱ ሌሎቹ የባሕር ኃይል ከተሞች፣ ማይዙሩና ሳሴቦ፣ ድረስ ብቻውን እንደሚሄድ ይነግራታል። እዚያም ሰው አለ። የትም ሰው አለ፤ ይህ ነው የዚህ ምስኪን መከራ።

እኛ ዘንድ ግን ሰው እየጠፋ ነበር። ደረጃችን ላይ አሥራ ዘጠኝ ቤት ነበር፤ መብራት የሚበራው ሦስቱ ላይ ብቻ ሆነ። የቀሩትን ቤቶች ሐረግ በላቸው። ባለፈው ክረምት ዝናብ ኮረብታው ተሰነጠቀ። ማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ደረጃው ይዘጋል፣ ቤቶቹ ይነሣሉ። ድሮ ማስታወቂያ የሚያነብልኝ ቶኩጂ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ሰባ አንድ ዓመቴ ላይ በሰፈሩ አዳራሽ ነው፤ ስለዚህ ይህንን ራሴ አነበብኩት። ያኔ ቶኩጂ ሆስፒታል ነበር። መጋቢት በገባ በአምስተኛው ቀን ሞተ።

ሦስተኛው እሑድ መጣ። መቶ ሰማንያ አምስት፣ መቶ ሰማንያ ስድስት የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወጣሁ። ፉሚዬ ከቀብሩ ወዲህ በየቀኑ ካሪ በድስት ይዛልኝ ትወጣ ስለነበር እሷም እዚያው ነበረች።

ሂራይዋ ወንበሩን አየ። እኔን አየ። ሰዓቱን አላየም።

"አባባ የሉም?"

"የሉም" አልኩት።

ገባው። እስከ ወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። እንዲህ ጊዜ ፉሚዬ አፏ አያስችላትም፤ ሲከፋት ትሳደባለች። "በል እንግዲህ፣ ስድስት ዓመት የለመንከው ተሰጠህ። ባዶ ነው፣ አንሣ።"

"ተይው ፉሚዬ" አልኳት።

አስገባሁት። ከቶኩጂ ፎቶ ፊት ተንበረከከ። ፎቶው ከመታወቂያው ላይ አሳድገን ያሳተምነው ነው፤ እንደ ተከሰሰ ሰው ያፈጣል። ሌላ የለንም። ቶኩጂ ለሌላ ሰው ካሜራ ዘወር ብሎ አያውቅም፤ ኮሌታውን ያስተካከለው ለሂራይዋ ብቻ ነው። ሰው አፍጥጦ ብቻ እንዲቀር ስላልፈለግሁ ከመጋቢት አምስት ጀምሮ ይህን እሑድ ስጠብቅ ነበር።

"ካነሣኸው መሀል የእሱ አለ አይደል?" አልኩት። "ወንበሩ ላይ ተቀምጦ። አንድ ብትሆን ይበቃኛል።"

ጆሮው ቀላ።

"የለም እማማ። ሰው የገባበትን ሁሉ ስመለስ ባቡር ላይ አጠፋዋለሁ። ልማዴ ነው። ሁሉንም አጠፋኋቸው።"

ፉሚዬ ድስቱን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። እኔ ሻይ ቀዳሁ፤ ሌላ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ሂራይዋ ሻዩን አልነካውም። ቦርሳውን ከፈተና ጠርዙ ያለቀ ደብተር አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

"ያልተሳካልኝን እመዘግባለሁ" አለ። "ለምን እንዳልተሳካ። ፋብሪካም እንደዚያ ነው የምንሠራው።"

ጽሑፉ እንደ ስፌት እኩል ነው፤ ለእኔ ዓይነቷ አንባቢ ይመቻል። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ።

"ነሐሴ። ጥላው ልክ ነው። አባባ ተቀምጠዋል። ካልሲያቸው ግራና ቀኙ አይመሳሰልም። አልተሳካም።"

"ጥቅምት። ደመና የለም። አባባ መንደሪኑን ለሁለት ከፈሉት። ግማሹን በሉ፣ ግማሹን ለእማማ ብለው ኪሳቸው ከተቱ። አልተሳካም።"

ግማሽ መንደሪን ይዞልኝ ይገባ ነበር። ስለጎመዘዘው የተወው ይመስለኝ ነበር።

"ታኅሣሥ። ብርድ። ቁርስ በልተሃል አሉኝ። በልቻለሁ አልኩ። አላመኑኝም። አልተሳካም።"

ስድስት ዓመት ነው። ዝናብ የመታው ገጽ አለ። አንድ ቀን ቶኩጂ እንቅልፍ ወስዶት ጭንቅላቱ ወደ ግራ አዘንብሎ ነበር፤ ሂራይዋ መቀስቀስ አልደፈረም፤ ሁለት ሰዓት ቆሞ ጀልባው አመለጠው። ሌላ ቀን ቶኩጂ መርከቦቹን አንድ በአንድ እያሳየ የትኞቹን እሱ እንደበየደ ነግሮታል። ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም፤ ጠይቄውም አላውቅ። ቀስ ብዬ ስለማነብ ሻዩ በረደ፤ አልቸኮለም። መጠበቅ ያውቅበታል።

መጨረሻ ገደማ እንዲህ ይላል፤ "ጥር። አባባ ያስላቸዋል። ለእማማ እንዳልነግር አስምለውኛል። አልተሳካም።"

ይህንን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብኩት ስህተት እንዳይሆን ብዬ ነው።

"ይቅርታ እማማ" አለ።

"ሰዓትህ ደርሷል" አልኩት። "ጥላው ሊያልፍብህ ነው። ውጣ።"

ወጣ። ከቦርሳው መንደሪን አውጥቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ፤ በዚያው ጫፍ ነው፣ የቶኩጂን ቦታ ለእሱ ትቶ። የኪስ ሚሳኦን አላወጣትም። አንድም ሰው አልነበረም፤ ወንበሩ ባዶ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ጥላው ሦስተኛው ደረጃ ላይ። ካሜራውን አንድ ጊዜ ብቻ ቀጭ አደረገው። ከዚያ ደብተሩን ከእጄ ወስዶ ጻፈና መልሶ ሰጠኝ። "እርስዎ ጋ ይሁን" አለኝ።

ስጦታ ነው። ገባሁና አንድ ከረጢት የደረቀ ዓሣ አመጣሁለት፤ ቶኩጂ ያስቀመጠው የመጨረሻው ነበር። ከረጢቱን ሲያይ ፊቱ እንደ ድሮው ገረጣ። መመለስ አለበት።

"ወዴት ልምጣ እማማ?"

"ቶትሱካ፣ ልጄ ዘንድ። ስምንተኛ ፎቅ ነው። ወንበር የሚቀመጥበት ደጃፍ የለም፤ ከመስኮቱ የሚታየው ሌላ ሕንፃ ነው።"

"ግድ የለም" አለ።

እየቆጠረ ወረደ። ፉሚዬ ከበሩ ሆና "ካሪ ሳትበላ እንዳትሄድ፣ ወርጄ አሞቅልሃለሁ" ብላ ተከተለችው። ቁጥሩ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። እሱ ከወረደ በኋላ ያንን ደረጃ እየቆጠረ የወጣ ሰው የለም።

ደብተሩን ከፈትኩ። "መጋቢት" ይላል። "አራት ሰዓት ከሃያ። ወንበሩ ባዶ። ጥላው ልክ። መንደሪኑን የነካ የለም። አልተሳካም።"

ጥላው ከሦስተኛው ደረጃ እስኪለቅ ተቀመጥኩ። ከዚያ መንደሪኑን ላጥኩና ግማሹን በላሁ።